ማይክ ስትጫኑ ጂፒኤሱ ይጠፋል? በትንሽ አውሮፕላን ላይ የሬዲዮ ረብሻን የማደኛ መንገድ

ጂፒኤስ ሲጠፋ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ራሱን ጂፒኤሱን ነው። መሣሪያው ይፈታል፣ ወደ ጥገና ይላካል፣ "ምንም አልሆነም" ተብሎ ይመለሳል። ሲገጠም ያው በሽታው። ገንዘብ ወጣ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ስለዚህ ካቻቪት ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ መቼ ነው የሚጠፋው? ረብሻ ዝም ብሎ አይነሳም። ሬዲዮ ስታወሩ ይነሳል፣ አንድ መብራት ሲበራ ይነሳል፣ ወይም የሆነ አካባቢ ስትደርሱ ይነሳል። ሰዓቱን ከያዛችሁት ሌባውን ለመያዝ ብዙ አይቀራችሁም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንግባባ። ከዚህ በታች ያለው ምርመራ በሙሉ መሬት ላይ የሚሠራ ነው። በረራ ላይ ጂፒኤስ ከጠፋ ሥራችሁ ማብረር ነው። ወደ ቪኦአር (መሬት ላይ ካለ ጣቢያ አቅጣጫ ወደሚያሳየው የሬዲዮ መሣሪያ)፣ ወደ ካርታና ኮምፓስ ተመለሱ። ለበረራ ተቆጣጣሪው ንገሩ። ፋታ ስታገኙ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ሰዓቱን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ያኔ ምን ምን በርቶ እንደነበር ጻፉ። ያቺ ማስታወሻ በኋላ ከማንኛውም መለኪያ በላይ ትጠቅማችኋለች። አየር ላይ ብሬከር (የኤሌክትሪክ መቁረጫ) እየሳቡ መሞከር ግን ይቅርባችሁ።

ለምን በቀላሉ ይረበሻል?

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው የሚዞሩት። ኤል 1 የሚባለው ዋናው ሲግናላቸው በ1575.42 ሜጋኸርዝ ይላካል። አንቴናችሁ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ የአንድ ዋት 10 ሺህ ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። መቀበያው ራሱ ከሚፈጥረው የተፈጥሮ ጫጫታ እንኳ ያንሳል። መቀበያው የሚያወጣው የኮዱን ቅርጽ ስለሚያውቅ ብቻ ነው።

እዚያው ጣራ ላይ፣ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ የመነጋገሪያ ሬዲዮው አንቴና 10 ዋት አካባቢ ይለቃል። ሹክሹክታ ለመስማት የሚሞክር ሰው ጆሮ ስር ጡሩንባ እንደመንፋት ነው። እርግጥ ሬዲዮው የሚሠራው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ከ1575 በጣም ይርቃል። ችግሩ ማንኛውም አስተላላፊ ከዋናው ፍሪኩዌንሲ ጎን የእሱን ብዜቶች ትንሽ ትንሽ ማፍሰሱ ነው። ሃርሞኒክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እስቲ ካልኩሌተር አውጡ። 1575.42ን ለ13 ስታካፍሉት 121.186 ይመጣል። ለ12 ስታካፍሉት 131.285። ሁለቱም ሬዲዮአችሁ ላይ ያሉ ቁጥሮች ናቸው! በእነዚህ አካባቢ ስታወሩ 13ኛው ወይም 12ኛው ብዜት በቀጥታ ጂፒኤሱ ላይ ያርፋል።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

1. ከውጭ ነው ከውስጥ?

ቀላሉንና ነፃውን አስቀድሙ። ከአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ጋር የማይገናኝ፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ሌላ የጂፒኤስ መቀበያ ያዙ። የእጅ ጂፒኤስ ይሁን ታብሌት ግድ የለም። አውሮፕላኑ ፓነል ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ ሲጠፋ ይሄም አብሮ ከጠፋ ረብሻው በአየር የሚመጣ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ውስጥም ከውጭም ሊሆን ይችላል። የፓነሉ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ አንቴናው፣ ወደ ኬብሉና አጠገባቸው ወዳለው ነገር ይዞራል። አንድ ጥንቃቄ፦ ታብሌቱ ሲግናል ቢያጣም የድሮውን ቦታ ሊያሳያችሁ ይችላል። ሳተላይቶቹን የሚያሳይ አፕ ከፍታችሁ ተመልከቱ።

ቀጥሎ ኖታም፣ ማለትም ለአብራሪዎች የሚወጣውን ማስታወቂያ፣ አንብቡ። ወታደራዊ የጂፒኤስ ሙከራ በኖታም ይነገራል። በምሥራቅ ሜዲትራንያን፣ በጥቁር ባሕርና በባልቲክ አካባቢ ጂፒኤስን ሆን ብሎ ማፈን ከ2022 ወዲህ የየዕለት ዜና ሆኗል። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲም በዚያው ዓመት ስለጉዳዩ የማስጠንቀቂያ መግለጫ አውጥቷል። መሬት ላይ ያለ አፋኝ የሚደርሰው በእይታ መስመር ነው። ስለዚህ ከፍ ስትሉ ይብሳል፣ ዝቅ ስትሉ ይሻላል። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ከፍታ የሚጠፋ ከሆነ አውሮፕላናችሁን አትበታትኑት።

ጂፒኤሱ ሳይጠፋ የማይመስል ነገር ካወራስ? ሰዓቱ ዘለለ፣ የመሬት ፍጥነቱ ከአየር ፍጥነቱ ጋር ጭራሽ አልገጥም አለ፣ ቦታው ድንገት ሌላ ከተማ ሆነ። ያ ማፈን ሳይሆን ማታለል ነው። እሱም ከውጭ ነው።

የቀን ነገር ከተበላሸ ደግሞ የረብሻ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጣሪ በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጨረሻ የተመለሰው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 ነው። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌ መቀበያዎች ቀኑን ወደ ኋላ 20 ዓመት ሊጠጋ ይወስዱታል። ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ብዙ በማይርቁ አገሮች ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት የላይኛው ከባቢ አየር ራሱ ሲግናሉን ያንቀጠቅጠዋል። ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ ችግር ካለ ይህንም አስቡ።

2. ጸጥ ያለ መነሻ ያዙ

አውሮፕላኑን ከሃንጋር አውጡት። ከሕንፃ፣ ከቆርቆሮ፣ ከሌሎች አውሮፕላኖች ራቁ። አንዳንድ ሃንጋሮች ውስጥ የጂፒኤስ ሲግናልን ከውጭ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚደግም መሣሪያ አለ፤ እሱ ካለ ውስጥ የምታዩት ሁሉ ያታልላችኋል። ሞተር ጠፍቶ፣ ከተቻለ ከውጭ በሚሰካ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሁሉንም አጥፉ። ስልኮችን፣ ካሜራዎችን፣ ቻርጀሮችን ከሶኬት ንቀሉ። ቻርጀር ስልክ ባይሰካበትም ሶኬት ውስጥ እስካለ ይሠራል።

አሁን ጂፒኤሱን ብቻ አብሩ። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ከሆነ ታገሡት። የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር ከሰማይ ለማውረድ ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከዚያ የእያንዳንዱ ሳተላይት ጥንካሬ በዘንግ የሚታይበትን የሳተላይቶቹን ገጽ ክፈቱና በስልክ ፎቶ አንሱት። ከፎቶው በኋላ ስልኩን መልሳችሁ አጥፉ እንጂ ዳሽቦርድ ላይ አትጣሉት።

ይህ ገጽ እስከ ምርመራው መጨረሻ ድረስ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሳተላይቶች በአንድ ላይ ደካማ ከሆኑ፣ ምንም ሳይበራ ማለት ነው፣ ረብሻውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ አንቴናው ሂዱ። በአንድ ወገን ያሉት ብቻ ከደከሙ አንቴናው በጅራት ወይም በክንፍ ተጋርዷል።

3. አንድ በአንድ አብሩ

አሁን ሌላውን አንድ በአንድ ማብራት ነው። አንዱን አብሩ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ገጹን እዩ፣ ጻፉ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መንካት የለም። ይህን ሕግ የሚጥሱት ብዙውን ጊዜ የቸኮሉት ናቸው፤ እነሱው ናቸው መጨረሻ ላይ ሁሉንም የሚደግሙት።

የመብራቶቹን ተራ አትዝለሉ። በኋላ የተገጠሙ የኤልኢዲ መብራቶች ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጥ ትንሽ ሰርኪት አለ። ርካሽ ከሆነ ጫጫታው ሰፊ ክልል ላይ ይረጫል። የስትሮብ (ብልጭ ድርግም የሚለው) መብራት ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሲያንጸባርቅ ዘንጎቹ አብረው ይዘላሉ።

ከዚያ ተሳፋሪ ይዞት የሚመጣው ኮተት ይቀጥላል። የዩኤስቢ ቻርጀር፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ካሜራ፣ የኤችዲኤምአይ ኬብል። በተለይ ካሜራው አንቴናው ስር ከተለጠፈ ጉድ ነው። ስልክም ንጹሕ አይደለም። በአንዳንድ አገሮች የአራተኛው ትውልድ ስልኮች ከ777 እስከ 787 ሜጋኸርዝ ያስተላልፋሉ። እጥፉን አስሉት፤ ከ1554 እስከ 1574 ነው። የጂፒኤስ ደጃፍ ላይ ማለት ነው።

ሁሉም በርቶ ምንም ካልታየ ሞተር አስነሱ። እዚህ ጋ ግን ቶሎ አትፍረዱ። ሞተር ሲነሳ የሚጠፋ ጂፒኤስ የግድ በሞተሩ ጫጫታ ተረበሸ ማለት አይደለም። ንዝረቱ የላላ ኮኔክተር እያወዛወዘ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፉና ኬብሉን በእጅ ነቅነቅ አድርጉት። በዚያ ከጠፋ መልሱን አገኛችሁ።

4. የማይኩ ፈተና

የሰፈሩ ዋና ተጠርጣሪ የመነጋገሪያ ሬዲዮው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

በጂፒኤስ ገጠማ መመሪያዎች ውስጥ የሚታወቁ የሙከራ ፍሪኩዌንሲዎች አሉ፦ 121.150፣ 121.175፣ 121.200፣ 131.250፣ 131.275 እና 131.300። ቅድም ያሰላናቸው ብዜቶች ጂፒኤስ ላይ የሚያርፉት ከእነዚህ ነው። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ካለ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ፍሪኩዌንሲውን ጥቂት አዳምጡ። ሰው እያወራበት ከሆነ ተዉት፤ በአካባቢያችሁ ለሥራ የተመደበ ከሆነም እንደዚያው። 121.500 ላይ ግን በምንም ተአምር አታስተላልፉ። እሱ የአደጋ መስመር ነው።

ማይኩን ተጫኑና 35 ሰከንድ ያህል ያዙት። አጭር ጫን ለቀቅ አይበቃም፤ መቀበያው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ይሸውዳል። ሌላ ሰው የሳተላይቱን ገጽ ይመልከት። ችግር ካለ እንዲህ ይመስላል፦ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ዘንጎቹ በሙሉ አብረው ዝቅ ይላሉ። ከዚያ አንድ አንዱ ባዶ ይሆናል። ስትለቁት ቀስ ብለው ይመለሳሉ። የአንዱ ብቻ መውደቅ ብዙ ትርጉም የለውም። የሁሉም በአንድነት መውደቅ ነው ወሬው።

ሁለት ሬዲዮ ካላችሁ በሁለቱም ሞክሩ፣ ውጤቱን ለየብቻ ጻፉ። ከ120 በታች ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲም ድገሙት። በስድስቱ የሙከራ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ብቻ ከጠፋ ሃርሞኒክ ነው። የትም ብትሆኑ ከጠፋ ሬዲዮው ጂፒኤሱን በጉልበት እየደፈጠጠው ነው፤ አንቴናዎቹ ተቀራርበዋል ወይም የኬብሉ ጋሻ (ረብሻ የሚከለክለው የብረት ሽፋን) ተቆርጧል። ሳታስተላልፉ፣ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስትቆሙ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ከሬዲዮው መቀበያ ክፍል የሚያፈተልክ ነገር አለ።

5. ከአንቴናው ነው ከሳጥኑ?

ከዚህ በኋላ ያለው ፈቃድ ያለው የአቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) ቴክኒሻን ሥራ ነው። ባለቤቱ ግን ምን እየተደረገ እንደሆነ ቢያውቅ አይጎዳም። ቢያንስ ምን ጠይቆ እንደሚከፍል ያውቃል።

የሬዲዮውን አንቴና ኬብል ነቅላችሁ በምትኩ ደሚ ሎድ ግጠሙ። ይህ የ50 ኦም መሣሪያ ነው፤ የሬዲዮውን ኃይል ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ያለ ምንም ነገር ክፍት ኬብል ላይ ማስተላለፍ ሬዲዮውን ሊያቃጥል ስለሚችል ይህን አትሞክሩት። አሁን የማይኩን ፈተና ድገሙ። ጂፒኤሱ ካልጠፋ ረብሻው በአንቴናው በኩል ነበር የሚወጣው። አሁንም ከጠፋ ከሳጥኑ (ከሬዲዮው ራሱ)፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ወይም ፓነል ጀርባ ተጣምረው ከታሰሩት ኬብሎች ነው።

6. ማንም የማይጠረጥረው ኢኤልቲ

የአደጋ ጊዜ አስተላላፊው፣ ኢኤልቲ፣ ጅራት ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል። ጠፍቶ ደግሞ ምን ያደርጋል? ያደርጋል። በተለይ አሮጌዎቹ። የሬዲዮው ሲግናል በኢኤልቲው አንቴና ይገባል፤ ውስጥ ያለው የማስተላለፊያ ትራንዚስተር ላይ ይደርሳል። ትራንዚስተሩ ኃይል ባይኖረውም ሲግናሉን ያዛባዋል፣ ሃርሞኒክ ይፈጥራል። ያ በዚያው አንቴና ተመልሶ ይወጣል። አንቴናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣራ ላይ፣ ጂፒኤሱ በሚያየው ቦታ ነው ያለው።

ሙከራው ከሁሉም ይቀላል። የኢኤልቲውን አንቴና ኬብል ከሳጥኑ ንቀሉ፣ 121.150 ላይ ድገሙ። ጂፒኤሱ ንቅንቅ ካላለ ሌባው ተያዘ። መፍትሔው 1575.42ን ለይቶ የሚያግድ ማጣሪያ፣ ኖች ፊልተር የሚባለውን፣ በኢኤልቲው አንቴና መስመር ላይ፣ ወደ ሳጥኑ ተጠግቶ መግጠም ነው፤ ወይም ዘመናዊ ኢኤልቲ መቀየር። ስትጨርሱ ኬብሉን መልሳችሁ አጥብቁ። አደጋ ሲመጣ የሚጮኸው በዚያ ነው።

7. የራሱ የጂፒኤሱ አንቴና

አብዛኞቹ የጂፒኤስ አንቴናዎች ውስጥ ማጉያ አለ። ኃይሉን የሚያገኘው ከመቀበያው በዚያው ኬብል ነው። ኬብሉን ከአንቴናው በኩል ፈትታችሁ መካከለኛው ፒን ላይ ቮልት ለኩ፤ ብዙዎቹ ላይ 5 ቮልት አካባቢ ነው፣ ትክክለኛውን ከመመሪያው እዩ። ከሌለ ወይ ኬብሉ ተቆርጧል ወይ መቀበያው አልሰጠም።

ኮኔክተሩን ብርሃን ላይ ያዙት። አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ውሃ ገብቷል። በአንቴናው ስር ያለው ጋስኬት (ውሃ የሚከለክለው ማሸጊያ) ከተሰነጠቀ ዝናቡ ቀጥታ ወደ ኮኔክተሩ ነው የሚወርደው። አንቴናው ከፊውዝላጁ (ከአውሮፕላኑ አካል) ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀለም ወይም ዝገት ካለ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ (ግራውንዱ) ጠፍቷል፤ ይጽዳ። ከሬዲዮው አንቴና ያለው ርቀትም ይለካ። 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅተኛው ነው፣ 90 ቢሆን ይመረጣል።

የተበላሸ ማጉያ ራሱ አስተላላፊ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ ወደብ ውስጥ ጂፒኤስ አልሠራም አለ። ተፈልጎ ሲገኝ ጥፋተኛው ጀልባዎች ላይ የተሰቀለ ማጉያ ያለው የቴሌቪዥን አንቴና ሆነ። ስለዚህ ሁለት ጂፒኤስ ካላችሁና አንዱ ሲበራ ሌላው ከደከመ የአንዱን አንቴና ጠርጥሩ።

መሣሪያ ላለው ደግሞ አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ። ርካሽ የኤስዲአር ዶንግል (የሬዲዮ ሞገዶችን በስክሪን የሚያሳይ ትንሽ መቀበያ) ከታብሌት ጋር አያይዛችሁ 1575 ላይ ብትመለከቱ ስክሪኑ ባዶ መሆን አለበት፤ የጂፒኤስ ሲግናል ከጫጫታው በታች ስለሆነ አይታይም። እዚያ ላይ ተራራ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ጂፒኤስ አይደለም። መሣሪያዎችን እያጠፋችሁ ተራራው መቼ እንደሚወርድ ተመልከቱ።

ምን ይደረግ?

ቻርጀርና ካሜራ ከሆነ አውጥቶ መጣል ወይም ማራቅ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የኤልኢዲ መብራት ከሆነ ለአውሮፕላን በተፈቀደ ይቀየር። ሬዲዮው ከሆነ መጀመሪያ ኮኔክተሮቹን አጥብቁ፣ ያረጀውን ኬብል ድርብ ጋሻ ባለው ቀይሩ፣ የጂፒኤሱን ኬብል ከሬዲዮው ኬብል ጋር ከታሰረበት ለዩት። ከዚያ በሬዲዮው አንቴና መስመር ላይ ኖች ፊልተር። አንቴና ማዛወር የመጨረሻው ነው፤ ቀዳዳ መብሳትን ይጠይቃል። ኬብል ላይ የሚገጠመው ፌራይት (ጫጫታ የሚውጠው ማግኔታዊ ቀለበት) በዚህ ፍሪኩዌንሲ ብዙ አይረዳም፤ በቻርጀር ሽቦ ላይ ግን ሊያግዝ ይችላል።

ፊልተርም ሆነ አንቴና ሲገጠም ማሻሻያ ነውና በቴክኒሻኑ ይፈረም፣ በመዝገቡ ይግባ።

ሥራው ሲያልቅ የማይኩን ፈተና በስድስቱም ፍሪኩዌንሲዎች፣ በሁለቱም ሬዲዮ፣ ሁሉም መሣሪያ በርቶ ድገሙት። የመጀመሪያውን ፎቶ አውጡና ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ጥሩ አየር ባለበት ቀን፣ ጂፒኤስ በማያስፈልግበት በረራ ላይ ሞክሩት። ችግሩ ከዝናብ በኋላ ብቻ ተመልሶ ከመጣ ወደ ጋስኬቱ ሂዱ።